የሽንኩርት ማሳዋ ወረቀት

መሬት አይሸጥም። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ አባቴም ያውቃል። ቢሆንም ከመስኖው ቦይ አጠገብ ያለችውን ማሳችንን ለእኩል አራሻችን ሸጠለት። ሰውየው ለዓመታት ሽንኩርትና ማሾ ሲያመርትባት፣ ምርቱን ከእኛ ጋር እኩል ሲካፈል የኖረ ጎረቤታችን ነው። ዋጋዋን በሦስት ምርት ሊከፍል ተስማሙ። ሽያጭ ብለው መጻፍ ስለማይችሉ፣ በእኛ ዘንድ እንደተለመደው፣ ብድር ብለው ጻፉት። በወረቀቱ ላይ ገዢው አበዳሪ፣ ሻጩ አባቴ ተበዳሪ ሆነ። ክፍያ በተቀበለ ቁጥር "ተበድሬያለሁ" ብሎ ይፈርማል። ብልጠት መስሏቸው ነበር። እኔም ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

አባቴ ሁለተኛውን ክፍያ በተቀበለ በዓመቱ አረፈ። ሦስተኛው ምርት ተነሳ፤ ሰውየው ግን የመጨረሻውን ክፍያ ይዞ አልመጣም። እናቴ "ሂጂና ጠይቂው፣ አንቺ ፊደል ቆጥረሻል" ብላ ላከችኝ። ማሳው ውስጥ ሽንኩርት ሲከምር አገኘሁት።

"ጋሼ፣ እናቴ ስለቀረው ክፍያ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።"

"አልካድኩም ልጄ፤ ወላሂ አልካድኩም" አለ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቤት ገባና በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዞ ወጣ። "እከፍላለሁ። ግን እኔ ያመንኩት የአባትሽን ቃል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሉም። ነገ 'መሬታችንን ልቀቅ' ብትሉኝ ምን ይዤ እከራከራለሁ? የይዞታ ደብተሩን ስጡኝና ይህን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ።"

ደብተሩ ላይ ያለችው ያቺ ማሳ ብቻ አይደለችም። የማሽላ መሬታችንም፣ እናቴ የምትኖርበት ቦታም የተመዘገበው እዚያው ነው።

"ባንሰጥዎትስ?"

"እንግዲያው ያበደርኩትን ትመልሱልኛላ።"

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ቢጮህ እኔም እጮህ ነበር፤ ከጠብ የምሸሽ ሰው አይደለሁም። "ያበደርኩትን" ሲል ግን ወረቀቱን ራሱ ያመነው መሰለኝ። ፍርድ ቤት ብንቆም አባቴ ዕዳውን ሳይከፍል የሞተ ሰው ነው፣ ዕዳውም የሚተርፈው ለእናቴ ነው። እሷ ያላት ደግሞ ቤቷና ሁለት በሬዎቿ ናቸው።

"መጀመሪያ ወረቀቱን ይቅደዱት" አልኩ።

"መጀመሪያ ደብተሩን አምጪ።"

ወረቀቱን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ማሳ ነው፤ በሕግ ፊት ግን አንድ ክንድ አፈር የለውም። እሱም እኛን ፈርቷል። ይህን ሳውቅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድን። ወረቀቱ ላይ ምስክር ሆነው የፈረሙት እነሱው ናቸው። ነገሩ ከወጣ እኛም እንጠየቃለን ብለው ፈሩና "እስቲ ታገሡ" ብለው ሸኙን።

ሦስተኛው ክፍያ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ማሳዋን እሱ ያርሳል፣ ግብሯን እኛ እንከፍላለን። ገበያ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆች ጤና እንጠያየቃለን። ድሮ በራችን ሲንኳኳ እናቴ ከጓዳ ሆና "ግቡ!" ነበር የምትለው። አሁን ልከፍት ስነሳ ክንዴን ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወረቀት ይዟል?" ትለኛለች።