ደቦው የኔ ነው

በሰኔ መጀመሪያ የሰፈራችን ልጆች ከጎንደር ማራኪ ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የተደፈነውን የጎርፍ ቦይ ቆፍረው ከፈቱት። ላስቲኩን፣ የበሰበሰውን ጆንያ፣ የሞተ ድመት ሳይቀር በእጃቸው አወጡ። ዐምና ጎርፉ ጎረቤቴ ቤት ገብቶ ፍራሽዋን ይዞባት ሄዶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በደረቅ ቤት ትተኛለች። ከዚያ በአዳራሽ የምስጋና ቀን ተዘጋጀና እኔም የሰፈሩ አሮጊት ተብዬ የፊት ወንበር ተሰጠኝ። ስለ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የቅርብ ክትትል ተነገረ፤ ስለ አስተባባሪዎቹ ትጋት ተነገረ፤ ሽልማቱም ዶማ ይዞ አይቼው ለማላውቅ ሰው ተሰጠ። ቦዩን የቆፈሩት ልጆች ከኋላ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። የልጅ ልጄ ከመካከላቸው ነበረች፤ ውኃ የቋጠረው መዳፏ ገና አልዳነም።

ቤት እንደ ገባን ምነው ዝም አላችሁ አልኳት። «እምዬ፣ እኛ እኮ ለምስጋና ብለን አልሠራንም» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ በዚያች ሰዓት ግን ጨዋነቷ ደሜን አፈላው። ይህችን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከልጅ አፍ ስትወጣ ታምራለች፤ የምትጠቅመው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰውን ነው። ተቀመጪ አልኳትና አሁን የምጽፈውን ነገርኳት።

ያደግሁት ወገራ ነው፤ ጣሊያን የሠራው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ወደ ዳባት በሚያቀናበት ደጋ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በጥቅምት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ከገብስና ከባቄላ ሌላ ብዙ እህል አይወድደውም። አባቴ የዚያ አገር ሰው አልነበረም። ጣሊያን መንገዱን ሲያስጠርብ ከሩቅ መጥቶ፣ ጣሊያን ሲወጣ እዚያው የቀረ፣ የሰው መሬት አርሶ ምርቱን እኩል የሚካፈል ሰው ነበር። እናቴም እንደሱ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ስለዚህ በጎጡ ስማችን «መጤዎቹ» ነበር። በክፋት ብቻ አይደለም እንደዚያ የሚሉን፤ የሰውን ቁመት ወይም መልክ እንደሚናገሩት ዓይነት ነው። ርስት የሌለው ሰው ሽማግሌዎች ሲመክሩ ዳር ይቀመጣል፤ ሐሳቡን የሚጠይቀው የለም። አባቴ ይህን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይኖር ነበር፤ ልጆቹንም አንገት መድፋት ያስተምረን ነበር። እኔ ላይ ትምህርቱ አልያዘለትም።

ከጎጡ በታች ቀጋ ምንጭ የምንለው ውኃ ነበር። ሰውም፣ ከብትም፣ አህያም ከአንድ ኩሬ ይጠጣል። በበጋ መከራው አልቅት ነው፤ የልጅ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ደም ያስተፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ እበቱን ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ይጨምረዋል፤ ያን ጊዜ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቃሉ። በፊተኛው ክረምት ከሞቱት አንዱ የኔ ታናሽ ወንድም ነበር። እናቴ ከእሱ በኋላ ዳኘውን ወለደች። እኔ ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ዳኘውን አዝዬ ስዞር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ይህ ውኃ ካልተስተካከለ ይህንንም እንቀብረዋለን።

እንዴት እንደሚስተካከል አልጠፋንም። ከጎንደር የመጣ አንድ ወጣት የጤና ተማሪ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ በጠመኔ ስሎ አሳይቶናል። የምንጩን ዐይን ጠርጎ በድንጋይ መክበብ፣ ውኃውን በቱቦ ማውጣት፣ ከበላዩ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ መቆፈር፣ ለከብቱ ከታች ገንዳ ማበጀት፣ ዙሪያውን በእሾህ ማጠር። የጎጡ ታላላቆችም ቆመው ሰምተውታል። የማይሠሩት ባለማወቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምንጩ ያለበት መሬት በጎጡ ባለርስቶች በአያ ካሴና በአያ ውበቱ መካከል ከአባቶቻቸው ጀምሮ ክርክር ያለበት ነበር። በኛ አገር ሰው ሥራ ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያግዘዋል፤ እሱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ ሠራተኛውም የጠሪውን ስም እያነሣ ይዘፍንለታል። ያ ዘፈን ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ መሬት ላይ ደቦ አስወጥቶ ስሙን ያስዘፈነ ሰው ነገ ዳኛ ፊት ቆሞ አገሩን ምስክር ይቆጥራል። ስለዚህ አያ ካሴ ምንጩ ላይ ደቦ ቢጠሩ አያ ውበቱ ጠመንጃቸውን ያወርዳሉ፤ አያ ውበቱ ቢጠሩ አያ ካሴ እንደዚሁ። ሁለቱ እየተጠባበቁ ዓመት ዓመትን ይተካል፤ ሬሳ ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወጣው ግን ሁላችንም ነን።

ግንቦት ላይ መምህራችን ለጉዳይ ጎንደር ወርዶ ትምህርት ለጥቂት ቀን ተዘጋ። መዘጋቱ የተነገረን ዕለት ከትምህርት ቤት ስንመለስ አብረውኝ የሚሄዱት የአያ ውበቱ ልጅ ዓለሙና የአያ ካሴ ልጅ ጥሩዬ ነበሩ። አባቶቻቸው በገበያ እንኳ ሰላም አይባባሉም፤ እነሱ ግን መንገድ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይካፈላሉ። ደቦውን እኔ እጠራለሁ አልኳቸው። ዓለሙ ሳቀ፤ ጥሩዬ ሳቀች፤ ትንሽ ከሄድን በኋላ ሁለቱም መሳቃቸውን ተዉ።

በማግሥቱ ዳኘውን እንዳዘልኩ ከቤት ቤት ዞርኩ። ነገ ደቦ አለብኝና ድረሱልኝ እላለሁ። የማን ደቦ ይሉኛል። የኔ እላለሁ። ደቦ የሚጠራው ቤት ያለው፣ በሬ ያለው፣ ጢም ያለው ሰው ነው፤ የሴት ልጅ ደቦ ተሰምቶም አይታወቅ። በየደጁ ሳቁ ተከተለኝ። አንዲት ባልቴት ጠላሽ ስንት ቀኑ ነው፣ ፈልቷል ወይ ብላ አላገጠችብኝ። ጠላ አልነበረኝም። አባቴ ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለና ከዚህ አገር ልታስነቅይኝ ነው ብሎ ከለከለኝ። እኔም በነጋታው እሱ ሳይነሣ ወጣሁ።

ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን ቆምኩ። ቀጥሎ ጥሩዬ የአባቷን ዶማ ይዛ መጣች። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ ጎረምሳውም ኮረዳውም በየሁለት በየሦስት እየሆነ ይወጣ ጀመር። ዓለሙና ሌሎች ልጆች ከፈረሰው የጣሊያን ካምፕ የብረት ቱቦ ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። መቆፈር ስንጀምር ዓለሙ ዘፈኑን አነሣና የጠሪው ስም የሚገባበት ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁላችንም ዶማችንን እንዳነሣን ቀረን። ከዚያ በጎርናና ድምፁ «የአንጓች ደቦ» ብሎ ለቀቀው፤ ልጁ ሁሉ ተቀበለው። ስሜ ውኃ አምጪ፣ እንጨት ስበሪ ለመባል ካልሆነ በቀር ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ዘፈኑ አያ ካሴን አመጣ። ዱላቸውን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ የባላንጣቸውን ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ አዩት፤ ተንኮሉ ከአያ ውበቱ የመጣ መሰላቸው። አያ ውበቱም ከማዶ ሆነው ጥሩዬን ከነዶማዋ አይተው ኖሮ ጠመንጃቸውን አንግተው ደረሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በቦዩ ግራና ቀኝ ተፋጠው ቆሙ። ማን ነው የላካችሁ አሉ፤ ያንኑ ቃል ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

«ማንም አልላከንም» አልኩ። «ደቦው የኔ ነው። አባቴን መጤ፣ ርስት የለሽ ስትሉት ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። እውነታችሁን ነው፤ ርስት የለንም። ርስት የለሽ ያስቆፈረው መሬት ለማን ምስክር ሊሆን ነው?»

ምስክር ይሆናታል ቢሉ አባቴን ባለርስት ማድረጋቸው ነው፤ አይሆናትም ካሉ ደግሞ የምንከለከልበት ምክንያት የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰድቡን የኖሩበት ቃል አፋቸውን ያዘው። አያ ካሴ በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ።

በዚህ መካከል እናቴ ዳኘውን አዝላ በሰፌድ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ ይዛ መጣች። እሷ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ለማየት የወጡት ሰዎች ከዳር ሆነው ንፍሮ ለደቦ ይቀርባል እንዴ፣ ንፍሮ የለቅሶ አይደለም ወይ እያሉ አሽሟጠጡ። እናቴ ሰፌዱን አያ ካሴና አያ ውበቱ መካከል አስቀመጠችው። «የልጄ ለቅሶ ላይ ቀቅዬ ያቀረብኩትን ንፍሮ በልታችኋል» አለች። «ዛሬ ደግሞ ይኸኛው እንዳይሞት ብሉልኝ።»

መጀመሪያ የዘገኑት አያ ውበቱ ነበሩ። ከዚያ ጠመንጃቸውን ምንጩ ዳር በበቀለው የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ አንጠለጠሉና አንድ ድንጋይ አንሥተው ወደ ምንጩ ዐይን ወሰዱ። አያ ካሴ ይህን ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ ውበቱ ብቻውን ድንጋይ ካስቀመጠ ነገ ምን እንደሚል ያውቃሉ፤ ሁለት ድንጋይ ይዘው ተከተሉ። አያ ውበቱ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ቋጥኝ እያቃሰቱ አመጡ። ያን ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች እልህ ተጋብተው የተሸከሙትን ድንጋይ በሬ አይጎትተውም። የቀረውም ሰው እነሱን እያየ ገባበት። ሥራው ለማግሥቱም ተርፎ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከቤት ቤት መዞር አላስፈለገኝም። ቱቦው መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፤ ቀስ እያለ ጠራ። ክረምቱ ገባ፤ ዘነበ፤ ወጣ። ዳኘው በመስቀል ዕለት በእግሩ ሄደ።

ከመስቀል በኋላ የወረዳው ገዥ በማኪና ሲያልፉ ስለ ምንጩ ሰምተው ሊያዩ ወረዱ። ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ እኛ ተማሪዎች ከኋላ ተሰልፈን እንድንዘምር ታዘዝን። ገዥው ይህን ሸጋ ሥራ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። በሕይወታቸው በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁት አያ ካሴና አያ ውበቱ ጎን ለጎን ቆመው በእርቅ፣ በስምምነት እኛ አሠራነው አሉ። ገዥው ደስ ብሏቸው ሁለት ነጭ ኩታ አስመጥተው አለበሷቸው። ዓለሙ መሬት መሬት ያያል። ጥሩዬ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ ከሰልፉ ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሠሩትም እነዚህ ናቸው።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሬ እያንዳንዱን ከነአባቱ ስም ጠራሁ፤ ዓለሙ ውበቱ፣ ጥሩዬ ካሴ ብዬ ጀምሬ የመጨረሻው ልጅ እስኪደርስ አላቆምኩም። ገዥው የማን ልጅ ናት ሲሉ አንድ ሰው የመጤው አለ። ፈገግ አሉና ምላሷ የተባ ነው ብለው ወደ ማኪናቸው ሄዱ። ኩታዎቹም ከሽማግሌዎቹ ትከሻ አልወረዱም።

አባቴ ከንዴቱ ይልቅ እፍረቱ በለጠበት። ሰው ያመሰግንሻል እንጂ ራስሽን ታመሰግኛለሽ ወይ አለኝ። «ሰው እስኪያመሰግነኝ ጠበቅሁ አባዬ፤ ኩታውን ለሌላ ሰጡት» አልኩት። ከዚያ ብዙ ሳምንት አላናገረኝም። በጎጡም «ራሷን ያመሰገነችው» የሚል ስም ወጣልኝ። ሴቶቹ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ወሬው እኔ ነኝ፤ ገዥ ፊት አፏን የከፈተች ባለጌ፣ ልጆች ሠሩት ብላ ታላላቆችን ያዋረደች። አለቀስኩ፤ አልዋሽም። አንድም ቀን ግን ምነው ባልተናገርኩ ብዬ አልተመኘሁም።

ኅዳር ላይ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ከገደሉ ማዶ ካለው ጎጥ ጥቂት ልጆች ደጃችን መጡ። አቀበቱን ሮጠው የወጡ ይመስላል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ከፊታቸው ቆማ ራሷን ያመሰገነችው አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። ለጠብ የመጣች መስሎኝ ነኝ አልኩ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

«ገበያ ላይ ልጆች ሠሩት ሲሉ ሰማን» አለች። «የኛም ምንጭ ክርክር አለበት። እኛም ልጆች ነን። ነይና አጠራሩን አሳዪን።»

ተከትያቸው ሄድኩ። አባቴ በር ላይ ቆሞ አይቶኛል፤ አልከለከለኝም። ዶማውን አውጥቶ አቀበለኝ።

እኔን ለማዋረድ የተወራው ወሬ ነው ገደሉን ተሻግሮ እነዚያን ልጆች ያስነሣቸው። ዝም ብዬ ኖሮ ቢሆን የሚሰሙት አያ ካሴና አያ ውበቱ ታርቀው ምንጭ አሠሩ የሚለውን ነበር፤ እነሱም የራሳቸው ሽማግሌዎች እስኪታረቁ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። በየክረምቱ እየቀበሩ። ልጅን ማመስገን ይቅርብን፣ ያበላሸዋል የሚሉ ሰዎች ዛሬም በዝተዋል። እኔ የማውቀው ያልተመሰገነ ልጅ የሠራውን ሥራ ሌላ ልጅ አይሰማውም።

የልጅ ልጄ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ከቁልቁለቱ ማዶ ያሉት ልጆችስ ቦያቸውን ከፈቱ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አልከፈቱም አለች፤ ደመናው በመስኮቱ ከብዶ ይታያል።

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«ጽሕፈት ቤቱ እንዲመጣላቸው።» ይህን አለችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ሂጂ» አልኳት። «የኛን ማን እንደ ቆፈረው ንገሪያቸው።»