ካልታሰረ ይነክሳል

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የግራ እጁ አለመታየት ነው። ስታመን ሥራ ላይ ሲሆን ግራ እጁ ከካፖርቱ ኪስ አይወጣም። በቀኙ ካቻቢቴ ይይዛል፣ በቀኙ ሽቦ ይነካል፣ በቀኙ ላቡን ይጠርጋል። ከጥገና ሱቁ ፊት ለፊት ባኒትሳ የሚሉትን የአይብ ዳቦ ጋግራ የምትሸጠው ዞርኒትሳ፣ «ያ ሰውዬ ኪሱ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ» እያለች ስታማው ኖራለች። የደበቀስ ልቡን ነበር። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በደረት ላይ ነው፤ ስታመን ያን መንገድ ገና በወጣትነቱ ዘግቶታል።

በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሩሴ ከተማ እንደሱ የሚጠራጠር የሬዲዮ ጠጋኝ የለም። ሌላው ሰው ሶኬቱ የተነቀለ ሬዲዮ ሲያይ የሞተ ዕቃ ያያል፤ እሱ የተኛ ውሻ ያያል። ውሻው ካፓሲተር የሚሉት ጣሳ ነው። ጣሳው ውስጥ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች፣ በመሃላቸውም ዘይት የጠጣ ወረቀት ተጠቅልለዋል። ኤሌክትሪክ ሲመጣለት ይሞላል፤ መጀመሪያ በጥድፊያ፣ እየጠገበ ሲሄድ ደግሞ ቀስ እያለ። መስመሩ ቢቋረጥም የጠጣውን ይዞ ዝም ይላል። ዝምታውን ያላወቀ እጁን ይሰዳል።

ስለዚህ ስታመን ትንንሽ አምፖሎችን በተርታ ቀጥሎ፣ ሁለቱን ጫፎች ከጣሳው እግሮች ጋር ያስነካቸዋል። አምፖሎቹ ሁሉ ባንዴ ቦግ ይላሉ። ከዚያ ነጩ ብርሃን ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቀይ ይወርዳል። መጀመሪያ የተቻኮለው ብርሃን መጨረሻ ላይ አልሄድም ይላል፤ አንዲት ቀጭን ቅላት እንደ ምድጃ ፍም ቆይታ ቆይታ እልም ትላለች። ስታመን የሚያምነው ያኔ ነው።

ሌላው የማያምነው ነገር ሽርካው ዮንቾ ነበር። ሁለቱም በፋብሪካ ተለማማጅ ሳሉ ዮንቾ፣ «ያዝ!» ብሎ የተሞላ ካፓሲተር ወረወረለት። ስታመን ቀለበው፤ እስከ ትከሻው አንዘፈዘፈው፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። በኋላ ጓደኛሞች ሆኑ፣ አብረው ሱቅ ከፈቱ፣ አብረው ፀጉራቸው ሸበተ። ያን ሳቅ ግን ስታመን አልረሳውም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ የድሮ የስቱዲዮ ፍላሽ ማሽኑን አመጣ። ስታመን ከሆዱ ጡብ የሚያክል ካፓሲተር አውጥቶ፣ የያዘውን ኤሌክትሪክ በአምፖሎቹ አፍስሶ መደርደሪያ ላይ አኖረው። በማግስቱ ጠዋት ሲያየው በሁለቱ እግሮች ላይ ራቁት የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካልታሰረ ይነክሳል» አለ ዮንቾ እየሳቀ።

«ባዶ ነው እኮ። እኔ ራሴ ነኝ ያፈሰስኩት።»

«የሚናከሰው ባዶ ሆዱን የሆነው አይደል?»

ስታመን ፈገግ አላለም። ሽቦው የሆነ ምልክት መሰለው፤ ወይ የተደገሰለት ቀልድ። ዮንቾ ባኒትሳ ሊገዛ ሲወጣ ሽቦውን ፈትቶ ግራ ኪሱ ከተተው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ካፓሲተሩን ከመደርደሪያው ሊያወርድ እግሮቹን ቢጨብጥ ክንዱን መታው። መነጽሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀና ሲል ዮንቾ በር ላይ ቆሟል፤ አፉ ዳቦ ጎርሷል።

«አንተ ነህ የሞላኸው።»

«እኔ? ዳቦ እያላመጥኩ?»

«ይህን ሁሉ ዘመን አድብተህ፣ በስተርጅና!»

«ስታመን፣ ሽቦውን ማን ፈታው?»

«ወሬ አታዙርብኝ።» ስታመን የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከዛሬ ወዲያ እኔ የለሁበትም። ለየብቻችን እንሥራ።»

ዮንቾ ሽርጡን ሰቅሎ ወጣና ዞርኒትሳ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ስታመን ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ጥፋቱን በዓይኑ ሊይዝ ፈለገ። ካፓሲተሩን እንደገና አፈሰሰው፤ በካቻቢቴም እግሮቹን አገናኝቶ አንዳች እንዳልቀረ አየ። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው። የባቄላ ሾርባውን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ። የዮንቾ ጀርባ በመስኮቱ ይታያል፤ ንቅንቅ አላለም። ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልገባችም።

ሾርባው ሲያልቅ ኤሌክትሪክ የሚለካበትን የቴስተር ጫፎች ከእግሮቹ ጋር አስነካ። መርፌው ከተኛበት ተነሣ።

እንደገና አፈሰሰው፤ እንደገና ጠበቀ። መርፌው አሁንም ተነሣ፤ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ፣ ግን ተነሣ። ስታመን በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የገዛ እጁን አየ። የሚጠረጥረው ሰው አጣ። በሩን ከፈተ።

«ዮንቾ፣ ና እስቲ።»

«ደግሞ ምን ሰረቅሁ?»

«ና አልኩህ።»

ዮንቾ ገብቶ መርፌውን አየና ሳይስቅ ተቀመጠ። «ጎመን በጨው ውሃ የምትዘፈዝፍበትን የእንጨት በርሜልህን በጸደይ ትደፋው የለ? ጠብ እስኪል ገልብጠህ ትሄዳለህ። ተመልሰህ ስታየው ከሥሩ ጨው ውሃ አቁሯል። ማን ጨመረበት? እንጨቱ የጠጣውን መልሶ ነው። የዚህም ወረቀት እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ያፈሰስከው ላዩን ነው፣ ጠልቆ የገባው ኋላ ይወጣል። እግሮቹን ካሰርካቸው ግን ወጣ ባለ ቁጥር እዚያው ያልቃል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«እየሳቅህ ነዋ። ሳቅህን እንዴት ልመን?»

ዮንቾ ካፓሲተሩን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘለት። ስታመን በካቻቢቴው አፍስሶ፣ ግራ ኪሱን ዳሰሰና ሽቦውን አወጣ። ሽቦ በአንድ እጅ አይጠመጠምም። ግራ እጁ፣ ከቀኙ ይልቅ የነጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣችና እግሮቹን አጥብቃ አሰረች።

«ቁልፉስ?» አለ ዮንቾ።

ስታመን ቁልፉን አነሣ። «ነገ እኔ ነኝ የምከፍተው። ቀድመኸኝ ብትገኝ እጠረጥርሃለሁ።»

«ሌላ ምን ሥራ አለህ!»

ቁልፉን ከግራ እጁ ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ዞርኒትሳን በአገጩ ሰላም ብሎ፣ ወደኋላ ሳይዞር ቁልቁል ወደ ዳኑብ ወረደ።