በሩ ላይ የሚያርፈው አረንጓዴ ሳጥን

ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው። ድሮ ሰርግ ያነሳ ነበር፤ አሁን የሚያነሳው ውሻ ብቻ ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ሱቁን የምጠርግለት፣ ምሳውን የማደርስለት ታላቅ እህቱ ነኝና ነገሩ ከምን እንደመጣ አውቃለሁ።

ሚስቱ ከሰል የምትባል ጥቁር ውሻ ነበረቻት። «የሰውን ሙሽራ ስታሳምር ትውላለህ፣ የኔዋ ቆንጆ ምን በደለችህ? ስትሮጥ አንሳልኝ እንጂ!» ትለው ነበር።

«አንድ ቀን» ይላታል።

«አንድ ቀን የሚባል ቀን ካላንደር ላይ አላየሁም» ትለዋለች።

ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ሚስቱ ታመመች፤ ሞተች። ከሰልም ከግቢው በር ሥር አልነሳ አለች። ብዙም ሳይቆይ የኋላ እግሮቿ ከዷት። የእንስሳት ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብዙ አትሮጥም» አለን።

ወንድሜ ያን ዕለት ካሜራውን ይዞ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከግቢው ወዲህኛው ጫፍ በሆዱ ተኛ። እኔ ከኋላው አጥንት ይዤ ቆምኩ። ጠራት፤ እየሮጠች መጣች። ፎቶውን ስናየው በሩ እስከ ዝገቱ ድረስ ጥርት ብሏል፤ ከሰል ጭስ ሆናለች።

«ጥቁር ውሻ ያስቸግራል» አለኝ። «ካሜራው ፀጉሯ ላይ የሚይዘው ነገር ያጣና ከኋላዋ ያለውን ብረት ይይዛል።»

በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። አንድ ከሰዓት ጎንበስ ብዬ በትከሻው ላይ ስክሪኑን አየሁ። ካሜራው ያተኮረበትን የሚያሳየው ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን የከሰልን ፊት ያዘ፣ ለቀቀ፣ ዘሎ በሩ ላይ አረፈ። ማንም በሌለበት፣ በሴት ቁመት ልክ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰው ፊት ሲያገኝ ሌላውን ትቶ እሱን ነው የሚይዘው።» ድምፁ ወረደ። «ሰው እንዲፈልግ ለሰርግ ያስተካከልኩትን አልቀየርኩትም፣ እትዬ።»

«የደንበኛ ውሻ ሲመጣ ወደ እንስሳ ትቀይረው የለ?»

«እቀይረዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከቀየርኩት ሰው አይፈልግማ።»

የበሩ ዝገት ፊት መስሎት ይሆናል። ይህን እሱም አያጣውም። እኔም ብሆን ወደ በሩ ደግሜ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ እሷ የለመነችህ የራሷን ፎቶ አይደለም፤ የከሰልን ነው። ይሄ እግር ደግሞ አይጠብቅህም» አልኩት።

በአውራ ጣቱ ቁልፍ ተጭኖ ወደ እንስሳ ቀየረው። ሳጥኑ ከበሩ ላይ ጠፋ። ከሰልን ጠራት። ተንገዳግዳ ተነሳች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ እንደ ድሮዋ መጣች። ሳጥኑ ዓይኗ ላይ ተጣብቆ አልለቀቃትም።

ፎቶው ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሽፋሽፍቷ እንኳ ይቆጠራል። ከሰል ከዚያ ወዲያ አልሮጠችም። ወንድሜም ካሜራውን ወደ ሰው አልመለሰውም። ሰርግ ይዘው ለሚመጡት «ሌላ ፈልጉ» ይላል። እንጀራህን ለምን ትገፋለህ ብዬ ብቆጣው፣

«ወደ ሰው መልሼው በሩ ላይ ባጣትስ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም። ከሰል አሁንም በሩ ሥር ተኝታ ቀና ብላ ወደ ላይ ታያለች። እኔም ምሳ ይዤ ስገባ ወደ ዳር ጠጋ ብዬ ነው የማልፈው፤ ለቆመ ሰው መንገድ እንደሚለቀቀው።