በቀኝ በኩል ያሉት ጥርሶቼ

ሆሳዕና አንድ ክሊኒክ ውስጥ በተደረገ የጥርስ ቀለም ጥናት ላይ ተሳታፊ ነበርኩ። ሲነገር ደስ ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ በቀኝ በኩል ያሉትን ብቻ ፍቆ በነጭ መሙያ ሸፈናቸው። የግራዎቹን ለማነጻጸሪያ ብሎ ቡናማ እንደሆኑ ተዋቸው። ስድስት ወር ያለ ችግር ከቆየሁ ግራውም በነፃ ይሠራልኛል ተባለ። ፈረምኩ።

ጊምቢቹ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያደግንበት ቆላ የጉድጓድ ውሃ የእኔንም የታናሽ እህቴንም ጥርስ ገና በልጅነታችን ቡናማ አድርጎ አበላሽቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅኩት አፌን በመዳፌ ከልዬ ነው። ግማሹ ሲነጣማ ባሰ፤ ተማሪዎቼ ከሰሌዳው ይልቅ አፌን ማየት ጀመሩ። ግድ የለም፣ ስድስት ወር ምን አላት አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ከነጮቹ አንዱ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ዓይኔ እንባ ያቀርራል። በየወሩ ጥርሴን ፎቶ ለመነሳት ሆሳዕና ስሄድ ግን ሐኪሙ "ቲቸር፣ ሕመም አለ?" ሲለኝ፣ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። በነፃ ለሠራልሽ ሰው "አመመኝ" ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እውነቱን ካወጣሁ ደግሞ ከጥናቱ ያስወጣኝና ግማሽ አፍ ይዤ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። እሱ "የለም" ብሎ ይጽፋል፤ እኔ አመስግኜ እወጣና ሚኒባስ ውስጥ ጉንጬን ይዤ እመለሳለሁ። ይህን ጨዋነት ብዬው ነበር፤ ሞኝ።

በአምስተኛው ወር ሕመሙ ድንገት ተወኝ። ተመስገን አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከመሙያው ጠርዝ በኩል ጥርሱ ግራጫ እየሆነ መጣ። ሞቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ደውሎ፣ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ አዳዲስ ሰዎች እየመዘገበ መሆኑን ነገረኝ። ከተመዘገቡት አንዷ እህቴ ናት። "ያማል እንዴ?" ስትለኝ "ምንም" ብያት ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን አብሬያት ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ እነግራታለሁ እያልኩ እስከ በሩ ድረስ አልነገርኳትም። ወንበሩ ላይ ተጋድማ ሐኪሙ ጓንቱን ሲያጠልቅ ሳይ ግን አላስቻለኝም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያመኝ እንደነበር ተናገርኩ።

ሐኪሙ አፌን በመብራት ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። ካርዴን አወጣ፤ በየወሩ "የለም" ተብሎ ተጽፏል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱ እስኪታወቅ ማንንም እንደማይነካ፣ ሌሎቹንም እየደወለ እንደገና እንደሚጠይቅ ነገረን። የሞተውን ጥርስ ሥሩን ሊያጸዳልኝ ቀጠሮ ሰጠኝ። ስለ ግራው ልጠይቀው አልደፈርኩም።

እህቴ ከወንበሩ ወረደች። ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አድርሳ ነበር።

"ይኼን ሁሉ ወር ዝም ብለሽ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ነው ያመመሽ?" አለችኝ።

ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። ሐኪሙን የዋሸሁት ለጥርሴ ብዬ ነው፤ እሷን ግን ለምን እንደዋሸኋት ለራሴም አላውቅም። እንድታምነኝ ብዬ ከንፈሬን በጣቴ ገልጬ የሞተውን ጥርስ አሳየኋት። እሷ ግን ዓይኗን ከአጠገቡ ካሉት ነጮች ላይ አላነሳችም።