የተጠየቅሁት ስም

ልጅ እያለሁ፣ አራተኛ ክፍል ስገባ፣ ዘነቡ የምትባል ልጅ ከገሳይ መጥታ ደብረ ታቦር እኛ ክፍል ተመደበች። እናቷ እንስራና ድስት ሠርተው ገበያ የሚያወጡ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በዚህ ብቻ «የቡዳ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» ተባለና፣ በእረፍት ሰዓት ሁሉም ጀርባውን እየሰጣት ይበላ ጀመር። አጠገቧ የሚቀመጥ ሲጠፋ መምህራችን እኔን አስቀመጡኝ።

መጀመሪያ ፈርቼ ጥግ ይዤ ነበር የምቀመጠው። ልብሷ እርጥብ አፈርና ጭስ ይሸት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሽታው ደስ ይለኝ ጀመር። ከጭቃ በሬ መሥራት አስተማረችኝ። ቆሎዬን ሳካፍላት ትቀበለኛለች፤ እኔ ስቆረጥም ግን «አየችኝ» እንዳልላት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክል ነበር።

የሽምብራ እሸት በደረሰ ሰሞን ጥሬውን ያለ ልክ በላሁና ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ አንጓች የሚባሉት ጎረቤታችን ፍም ላይ ቅጠል አድርገው በጭሱ ያፍኑኝ ጀመር።

«በይ ልጄ፣ የበላችሽን ስሟን ጥሪና ትልቀቅሽ።»

የሚጠብቁትን ስም አውቀዋለሁ። ብጠራው እኔ እገላገላለሁ፤ እነሱ ግን ለጠብ እነዘነቡ ደጅ ይሄዳሉ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ፈርታ አቀረቀረች።

«ማንም አልበላኝም» አልኩ። «የበላሁት እኔ ነኝ፤ ጥሬ ሽምብራ።»

እትዬ አንጓች ጭሱን ጨመሩ፤ እኔም እያለቀስኩ ያንኑ መለስኩ። በመጨረሻ መደቡ ላይ የተቀመጡት አያቴ፣ ልጅቷ ተናግራለች፣ እሳቱን አውጡት አሉ።

ተሽሎኝ ትምህርት ቤት የተመለስኩ ዕለት እናቴ ቆሎውን ከወትሮው አብዝታ ቋጠረችልኝ። ዘነቡ ግን አልመጣችም። የመታመሜ ወሬ ደርሷቸው ኖሮ እናቷ ይዘዋት ሄደዋል፤ አንዱ ወደ ሐሙሲት ነው ይላል፣ ሌላው ወደ ይፋግ። ጓደኞቼ እኔንም ሸሹኝና ዓመቱን ብቻዬን ተቀምጬ ጨረስኩት። አያቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ግን «እስከዚያው ከማን ጋር ልጫወት?» ነበር የእኔ ጥያቄ።

አሁን ባሕር ዳር የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። በቅርቡ ስብሰባ ላይ፣ ለተበላሸ ሥራ ሁሉም አንዲትን አዲስ ሠራተኛ ሲጠቁም፣ እሷ በቦታው እንዳልነበረች ተናገርኩ። በዚያ ሳምንት ለምሳ የጠራኝ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ ቢያንስ ቤት ስገባ አያቴ ነበሩ፤ አሁን የቤቴን በር ከፍቼ የምገባው እኔው ነኝ።

እንዲህ ባለው ቀን ዘነቡ ትናፍቀኛለች። የት እንዳለች አላውቅም። ስሟን እንዳልጠራሁም የነገራት ያለ አይመስለኝም።