የማይጠጣው ባሌ ጉበት

ጣሊያኑ ሐኪም፣ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ቢጫ የሆነውን የባሌን ዐይን ገልጦ አየና ሆዱን ጫን ጫን አደረገው። «ጉበትህ ተጎድቷል፤ መጠጥ አቁም» አለው። ባሌ ደግሞ ከወሎ አብሮኝ የመጣ፣ ሶላት የማያሳልፍ፣ መጠጥ ቤት ፊት ሲደርስ መንገድ የሚሻገር ሰው ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ።

ገዛ ባንዳ የሚባለው ሰፈር ያለችው አከራያችን ለሁሉ ነገር መልስ የማታጣ ባልቴት ነበረች። «ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ! ጉበት እንዲሁ ይታመማል? ደብቆ ይጠጣል እንጂ» አለችኝ። ወሬው ግቢውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ባሌ ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ ያሸቱት ጀመር። የጎረቤታችን የሻምበሉ ሚስትማ «አይዞሽ፣ የኔው እንኳ በግላጭ ነው የሚጠጣው» ብላ አጽናናችኝ።

እኔስ ከማን አንሼ! ኮቱን፣ ቆቡን፣ ትራሱን ሳይቀር አሸተትኩ። ቆዳ ቆዳ ብቻ ይላል። የሚሠራው መደበር ገበያ አጠገብ ካለ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነበር። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ምሳውን አንጠልጥዬ ሳልነግረው ሄድኩ።

እጅጌውን ሰብስቦ የፍየል ቆዳ ከበርሜል ሲያወጣ አገኘሁት። ሲባጎውንም ከዚያው በርሜል እየመዘዘ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ቆዳውን ጥፍር አድርጎ ያስረዋል።

«ውሃው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኩት።

«አርሰኒኮ ይሉታል። በመርከብ የሚሄደውን ቆዳ ብል እንዳይበላው ነው፤ ድራሹን ያጠፋዋል።»

«ሰውንስ?»

«እኔ መቼ ጠጣሁት!» አለና ሳቀብኝ።

ጎትቼ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት፤ መዳፉን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። የበቆሎ ፍሬ የሚያህሉ ደረቅ እብጠቶች ነበሩበት። ሐኪሙ ስለ ሥራው ጠየቀው፣ ስለ ሲባጎው ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «ጉበትህን የሚበላው ይሄ መርዝ ነው። ከዚያ ሥራ ካልወጣህ አትድንም» አለው።

ባሌ ከዚህ ሁሉ የሰማው ስሙ ከጠጪነት መንጻቱን ብቻ ነው። ግቢ እንደገባን «ሰማችሁ? አልጠጣም!» እያለ በየበሩ ለፈፈ። አከራያችን አፍራ ሻሂ አፈላችለት፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ወዴት?»

«ሥራ ነዋ። ልጆቹ ምን ይብሉ?»

ጠጪ ቢሆንማ ጠርሙሱን እሰብርበት ነበር። ከበሩ ዞር አልኩለት።