እትዬ ተናኘወርቅ ከጉያቸው ያወጡት ስልክ

ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከእኔ ከሰዓት ሠሪው ከሲራጅ ሱቅ ቀጥሎ፣ እትዬ ተናኘወርቅ ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ። የሚለየን አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁንም፣ ልጃቸውን ጥበብንም ለብቻቸው ነው ያቆሙት። ጥበብ አሁን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየደረሰበት ይደውላል፤ እሳቸውም ድምፁን ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም።

ዘንድሮ ከፊት ለፊታችን ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ተተከለ። ደንበኛው ሁሉ «ጨረር ይረጫል» እያለ አስፈራራቸውና «ሱቁን ዘግቼ ሰሚት እህቴ ጋ እገባለሁ» አሉ። ተናደድኩ። እሳቸው የሌሉበት ተራ ለእኔ ምኔ ነው?

ገዛኸኝ የሚባል የሬዲዮ ሞገድ የሚለካ ደንበኛ አለኝ፤ ለምኜ አመጣሁት። መለኪያውን ይዞ በራቸው ላይ ቆመ። ቁጥሩ እምብዛም አልተነሳም።

«እማማ፣ የአንቴናው ጨረር ከተፈቀደው በጣም ያነሰ ነው» አላቸው።

ወዲያው ከእትዬ ደረት ስር ዝርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥበብ ነበር። ስልኩን ከጉያቸው ሲያወጡት የመለኪያው ቁጥር ዘለለ።

«ይሄም ከልክ አላለፈም» አለ ገዛኸኝ። «ግን መፍራትዎ ካልቀረ የቅርቡን ይፍሩ። ከሰውነትዎ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።»

«እሱስ አይሆንም!» አሉ እትዬ። «ጆሮዬ ከደከመ ቆየ። ልጄ መደወሉን የማውቀው ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው።»

አንጀቴን በሉት።

«ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ሲጠራ ግድግዳውን እመታልዎታለሁ። በጀርባዎ ተደግፈውት አይደል የሚውሉት?»

እያቅማሙ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ከሰዓቶቼ መሃል ይውላል። ሲጠራ ግድግዳውን በጡጫ እለዋለሁ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይመጣሉ። ድምፁን ከፍተን ስለምናናግረው «እማዬ፣ አዋሽ ገብቻለሁ» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ!» ይላል። ሰሚት መሄድ የሚባል ነገር ተረስቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ጥበብ ሳይደውል ምሳ ሰዓት ደረሰ። እትዬ ክር ይጠቀልላሉ። እኔ ነኝ የጨነቀኝ። ምሳ ልበላ ስነሳ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ትቶ መሄድ አቃተኝ። ኮቴን ገልጬ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና እጄን ጫንኩበት።

አትክልት ተራ ሳልደርስ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጥበብ ነበር። ምሳውን ትቼ ወደ ሱቃችን ሮጥኩ።